ድው የማይለው ማሽን

[መቆጣጠሪያ ክፍል። ጠረጴዛ፣ ቀይ ቁልፍ፣ ስልክ፣ አንድ ትንሽ ስክሪን፤ ከኋላ የመጋዘን በር፣ ከላይ የተመልካቾች ሰገነት። ከወፍራሙ መስታወት ወዲያ፣ ሰው በሌለበት አዳራሽ ውስጥ፣ ትልቁ የቅንጣት ማፍጠኛ ማሽን ከነሳጥኑና ከነቱቦው ተጋድሟል። ሊቁ ማሽኑን አሻሽሎ የሠራው መሐንዲስ ነው። ዝግታ የሚስቱ ታናሽ ወንድምና የሥራ ረዳቱ ነው። በእውነተኛ ስማቸው የሚጠሯቸው እናቶቻቸው ብቻ ናቸው። የማስጠንቀቂያው ጥሩምባ ጮኾ ማብቃቱ ነው።]

ሊቁ፦ አለፈ እኮ ነው የምልህ።

ዝግታ፦ ምኑ?

ሊቁ፦ ምቱ ነዋ። ኤሌክትሪኩ ተለቀቀ፣ ቅንጣቶቹን ገፋ፣ ዒላማውን መቱ፣ አበቃ።

ዝግታ፦ መቼ?

ሊቁ፦ አሁን፣ ቁልፉን ስጫን።

ዝግታ፦ እኔ እያየሁ ነበር እኮ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ዓይንህን አርገብግበህ ይሆናላ።

ዝግታ፦ አላርገበገብኩም።

ሊቁ፦ አርገብግበሃል። ሰው ሳይታወቀው ነው የሚያርገበግበው።

ዝግታ፦ ለእኔ ያልታወቀኝ ለአንተ እንዴት ታወቀህ?

ሊቁ፦ ኧረ በፈጠረህ ነገር አታንዛዛብኝ። ሳጥኖቹ መልሰው ሞልተዋል፤ ይኸው እንደገና ልተኩስልህ።

ዝግታ፦ ቆይ፣ ቆይ። [በሁለት እጁ የዓይኖቹን ቆቦች ፈልቅቆ ይይዛል] አሁን ተኩስ።

[ጥሩምባው ይጮኻል። ሊቁ ቁልፉን ይጫናል። ዝም።]

ሊቁ፦ እህስ? አየህ?

ዝግታ፦ እንባ ነው ያየሁት።

ሊቁ፦ አንተ ልጅ፣ ስማኝ። ይህ ማሽን ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው እየቀዳ እነዚያ ትልልቅ ሳጥኖች ውስጥ ያጠራቅመዋል። ባልዲ ከሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር አስቀምጠህ እስኪሞላ እንደመጠበቅ ነው። ሲሞላ ባልዲውን በአንዴ ትደፋዋለህ። አንዴ ስልህ ደግሞ ሰከንድ አይደለም። ሰከንድን ለአሥር ሚሊዮን ብትሸነሽናት አንዷ ቁራጭ ናት።

ዝግታ፦ እሷን ቁራጭ ነው እንዳላመልጣት የምትለኝ?

ሊቁ፦ አታያትም ነው የምልህ። ብታርገበግብም አታያትም፣ ባታርገበግብም አታያትም።

ዝግታ፦ ታዲያ ዓይኔን በከንቱ ነው የፈለቀቅኩት?

ሊቁ፦ ፈልቅቅ ያልኩህ እኔ ነኝ?

ዝግታ፦ እሺ፣ አላይም። ግን ድምፁስ?

ሊቁ፦ የምን ድምፅ?

ዝግታ፦ የድሮው ድው ይል ነበራ። አዲሱን ዕቃ ሳትገጥምበት በፊት። ድው ሲል ከላይ ያሉት ጸሐፊዎች ሻያቸውን ይደፉ ነበር። መብራቱ ይደበዝዝ ነበር። እኔም ደንግጬ እዘል ነበር። ሰው አንድ ነገር እንደተሠራ ይገባዋል።

ሊቁ፦ [እጆቹን አናቱ ላይ ጭኖ] ድው ማለት እኮ ብክነት ነው። ያ ድምፅ ምን መሰለህ? ቅንጣቶቹን መግፋት ሲገባው አንተን ሊያስደነግጥ የወጣ ጉልበት ነው። የድሮዎቹ ማብሪያዎች ብልጭታ እየዘለለባቸው ነበር የሚሠሩት፤ ከባልዲው ግማሹ እዚያው ተቃጥሎ ይቀር ነበር። ነቅዬ ጣልኳቸው። ዝም ብለው የሚከፍቱ ማብሪያዎች ገጠምኩ። ያን ሁሉ የተጠማዘዘ ገመድ አንስቼ አጭርና ሰፊ የመዳብ ዝርግ አደረግሁበት። አሁን ከሳጥኑ የወጣው ጉልበት ሁሉ ቅንጣቶቹ ዘንድ ይደርሳል። ለጆሮህ የሚተርፍ የለም።

ዝግታ፦ ለመብራቱስ?

ሊቁ፦ ለመብራቱም አይተርፍም። አይደበዝዝም።

ዝግታ፦ ቅድም ገብቼ የማብሪያውን ሳጥን ከውጭ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

ሊቁ፦ እሰይ።

ዝግታ፦ እሰይ ነው እንዴ?

ሊቁ፦ ከሞቀ ባከነ ማለት ነው። አልሞቀም፤ አልባከነም።

ዝግታ፦ ያ የድሮው ሽታም የለም። ዝናብ ሊመጣ ሲል ዓይነት የሚሸተው።

ሊቁ፦ ሽታም ብክነት ነው።

ዝግታ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ሊቁ፦ ካላጠረ አትጠይቅ።

ዝግታ፦ የጠፋ ማሽን ይጮኻል?

ሊቁ፦ አይጮኽም።

ዝግታ፦ ይሞቃል?

ሊቁ፦ አይሞቅም።

ዝግታ፦ ይሸታል? መብራት ያደበዝዛል?

ሊቁ፦ የጠፋ ማሽን ምን ሆኖ ይሸታል?

ዝግታ፦ ታዲያ ይኸኛው ከጠፋው በምን ይለያል?

ሊቁ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] በአንዳንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው።

ዝግታ፦ ምንድን ነው ልዩነቱ?

ሊቁ፦ ልዩነቱን እኔ አውቀዋለሁ።

ዝግታ፦ ስለ ካውያዋም እንደዚህ እንዳልካት እህቴ ነግራኛለች።

ሊቁ፦ ካውያው እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?

ዝግታ፦ ፈታተህ መልሰህ ገጠምክላትና አልሞቅ አለ። ስትጠይቅህ ቆጣቢ ሆኗል አልካት። ይኸው እስከ ዛሬ ሸሚዝህን በመዳፏ ነው የምታስተካክለው።

[ሊቁ የሸሚዙን አንገት በእጁ ይዳብሳል። እንደተጨማደደ ነው።]

ሊቁ፦ ካውያ ሌላ፣ ማሽን ሌላ። ይልቅ ቀልዱን ተው። ዳይሬክተሯ ማሽኑን ሊያዩ የመጡትን እንግዶች ይዘው አሁን ይመጣሉ። ማሽኑ ይሠራል ካላሉ አዳራሹ የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ነው የሚሆነው። ጠረጴዛው መጥቶ ኮሪደር ላይ ቆሟል። አይተኸዋል?

ዝግታ፦ እሱንማ አየሁት። ሞክሬዋለሁም። ደህና አድርጎ ያነጥራል።

ሊቁ፦ አንጀቴን አታሳርረው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ጠጉር ነበረኝ ስገባ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፣ ሌላ የምወደውም የለኝም። እህትህን አይጨምርም።

ዝግታ፦ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለዚህ ነው የምጨነቅልህ። ባይሰማም፣ ባይታይም እሺ። ግን ስክሪኑም ምንም አያሳይም እኮ።

ሊቁ፦ የትኛው ስክሪን?

ዝግታ፦ ይኸው አጠገቤ ያለው። ምቱን ይስላል ያልከኝ።

ሊቁ፦ ይስላላ። ኮረብታ መስሎ ነው የሚወጣው። ሽቅብ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ጠፍጠፍ ይላል፣ ይወርዳል። እኔ ነኝ በገዛ እጄ ያስተካከልኩት፤ ማሽኑ ቢዋሽ እሱ አይዋሽም።

ዝግታ፦ ኮረብታ የለም። ሜዳ ነው።

ሊቁ፦ ምን ማለት ነው ሜዳ?

ዝግታ፦ ና እየው።

[ሊቁ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ያጎነብሳል። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ነው።]

ሊቁ፦ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?

ዝግታ፦ ከጠዋት ጀምሮ። በተኮስክ ቁጥር ሜዳ ነው።

ሊቁ፦ ተኩስ። አንተ ተጫነው፣ እኔ ስክሪኑን ልይ።

[ጥሩምባ። ዝግታ ይጫናል። ዝም። መስመሩ ንቅንቅ አይልም።]

ሊቁ፦ [ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ] ወይ ጉዴ።

ዝግታ፦ ሜዳም ቆጣቢ ነው ልትለኝ ነው ብዬ ነበር።

ሊቁ፦ የለም። ሜዳ ማለት ምንም የለም ማለት ነው። አልተኮሰም። ከጠዋት ጀምሮ የጠፋ ዕቃ ፊት ቆሜ ነው ስለፈልፍ የዋልኩት።

ዝግታ፦ አይዞህ። ቅዝቃዜው ግን እውነት ነበር።

ሊቁ፦ ቅስሜን ሰበርከው እኮ። ዝምታውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። በቃ፣ የማታ ማታ ተሳካልኝ ብዬ ነበር።

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ሰው ፊት ከምትዋረድ አስቀድመህ ብትነግራቸው አይሻልም? ደውልላቸው። እውነቱን የተናገረ ሰው ላይ ማንም አይጨክንም።

ሊቁ፦ አይጨክኑም ትላለህ?

ዝግታ፦ እኔ ልሙት።

[ሊቁ ስልኩን ያነሳል።]

ሊቁ፦ ሄሎ፣ ክብርት ዳይሬክተር። እኔ ነኝ። አዎ፣ ከአዳራሹ። አንድ ነገር ልናዘዝ ነበር። ማሽኑ አይሠራም። አዎ፣ ይሠራል ብዬ ነበር። አዎ፣ ባለፈው ዓመትም ብዬ ነበር። አዎ፣ በእናቴ ምዬም ነበር። ሞቷል በቃ። አዳራሹን… እንደፈቀዱ ያድርጉት። እግዜር ይስጥልኝ። [ስልኩን ያስቀምጣል]

ዝግታ፦ ምን አሉ?

ሊቁ፦ ጠረጴዛውን አስገቡ አሉ። መረቡን ደግሞ አጥብቃችሁ ወጥሩት አሉ።

ዝግታ፦ እኔ አይጨክኑም ብዬ…

ሊቁ፦ ተወኝ እስቲ። ትንሽ ልቀመጥ።

[ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ስልኩ ይጮኻል። ዝግታ ቀስ ብሎ ያነሳዋል።]

ዝግታ፦ አቤት? እንደምን አሉ እትዬ። ደህና ነን፣ አልተመቸንም እንጂ። ምን? ቀዳዳ? ኧረ? በየጥሩምባው? አይ እትዬ፣ እኛ አይደለንም። አይሆንም፤ የእኛ ማሽን ሞቷል። አሁን ዳይሬክተሯን አረዳናቸው። እሺ፣ ሌላ ጎረቤት ይጠይቁ። ደህና ይዋሉ። [ያስቀምጠዋል]

ሊቁ፦ [ሳይዞር] ማን ናት?

ዝግታ፦ የዒላማ ክፍሏ እትዬ ናቸው፤ ከግንቡ ወዲያ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ያሉት። ጥሩምባ በጮኸ ቁጥር ስሱ ብረታቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይወጣል። ወንፊት አደረጋችሁብኝ፣ ቢበቃችሁስ ነው የሚሉት። እኛ አይደለንም ብዬ ገላገልኳቸው።

[ሊቁ ቀስ ብሎ ይዞራል።]

ሊቁ፦ ምን አደረግሃቸው?

ዝግታ፦ ገላገልኳቸው።

ሊቁ፦ ቱቦው ጫፍ ላይ ሌላ ጎረቤት አለ?

ዝግታ፦ የለም።

ሊቁ፦ ጥሩምባውን የሚያስጮኽ ከእኛ ሌላ ሰው አለ?

ዝግታ፦ [አስቦ] የለም።

ሊቁ፦ ታዲያ ብረቱን ማን ነው የሚበሳው? ምስጥ?

ዝግታ፦ ምስጥ ብረት አይበላም፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ [ከወንበሩ ተፈናጥሮ] ይተኩሳል። ከጠዋት ጀምሮ እየተኮሰ ነው። ሳይጮኽ፣ ሳይሞቅ፣ ሳይሸት። እንዳሰብኩት ሆኖልኛል። [ዝግታን አቅፎ ይስመውና ድንገት ይለቀዋል] ቆይ። ስክሪኑስ ለምን ሜዳ ሆነ?

[ወደ ስክሪኑ ሮጦ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ያያል። አንዱ ላይ ይቆማል።]

ሊቁ፦ ይህን የነካ ማን ነው?

ዝግታ፦ የትኛውን?

ሊቁ፦ የፍጥነቱን ማዞሪያ።

ዝግታ፦ እሱን? እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ ለምን?

ዝግታ፦ ያለቅጥ ይሮጥ ነበራ። ብልጭ ብሎ ጥፍት፣ ብልጭ ብሎ ጥፍት። ዓይኔን አደከመው። ቀስ እያለ እንዲሄድ አደረግሁት። አሁን እኮ ነጥቧ ከዚህ ዳር ተነስታ እዚያ ዳር እስክትደርስ ድረስ ተረጋግቶ ማየት ይቻላል።

ሊቁ፦ አንተ፣ አንተ… የሰከንድ ቁራጭ ሙሉ ሰከንድ ላይ ተዘርግታ እንዴት ትታያለች? ኮረብታው ነጥቧ ሳትላወስ ነው ወጥቶ የሚወርደው።

ዝግታ፦ እንዳይቸኩል ብዬ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።

ሊቁ፦ ወሽመጤን ቆረጥከው። በአንተ ማዞሪያ የተነሳ ማሽኔን በገዛ አፌ ገደልኩት እኮ። አምጣ ስልኩን።

[ይደውላል።]

ሊቁ፦ ሄሎ፣ ክብርት ዳይሬክተር፣ እኔው ነኝ። ተሳስቼ ነው፤ ማሽኑ ይሠራል። አልቀለድኩም። አዎ፣ ሞቷል ብዬ ነበር፤ አሁን ግን… አዎ። አዎ። [ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ለዝግታ] በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከነገርከኝ ሁሉ ያመንኩህ ቅድም ያልከኝን ብቻ ነው አሉኝ።

ዝግታ፦ እኔም እሱን ነው ያመንኩህ።

ሊቁ፦ [ወደ ስልኩ] አቤት? ማንን? እሱን? እሱ ምን ያውቃል ብለው… እሺ። እሺ ይኸው። [ስልኩን እየመረረው ይሰጣል] አንተን ነው የሚሉት። ሰውዬ፣ ዘጠኝ ዓመቴ አፍህ ውስጥ ነው ያለው። አደራ።

ዝግታ፦ አቤት እሜቴ። ደህና ነኝ። አዎ፣ ሚስቱ እህቴ ናት፤ ምን ይደረግ። ማሽኑ? እኔ እንኳን ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም።

[ሊቁ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ይጥላል።]

ዝግታ፦ ግን የዒላማ ክፍሏ እትዬ ብረታቸው ወንፊት ሆኗል ብለዋል። እሳቸው አይዋሹም። አዎ፣ ይተኩሳል። እሺ። እሺ፣ እነግረዋለሁ። እሱንም እነግረዋለሁ። [ያስቀምጠዋል]

ሊቁ፦ [ቀና ሳይል] ምን አሉ?

ዝግታ፦ አመኑኝ። ጠረጴዛው ኮሪደር ላይ ይቆይ ብለዋል።

ሊቁ፦ አመኑህ? በቃ?

ዝግታ፦ እንግዶቹ ግን አሁን ሰገነቱ ላይ ወጥተው ያያሉ። ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ። አንተ እንግዶቹ ፊት አፍህን እንዳትከፍት፣ ከተቻለም እንዳትታይ ብለዋል።

ሊቁ፦ የእኔን ማሽን?

ዝግታ፦ ደግሞ እንግዶቹ የመጡት ድሮ የሰሙትን ድው ሊሰሙ ነው። ካልሰሙ አዳራሹን አይተዉልንም አሉ። እኔም ይሰማሉ ብዬ ቃል ገባሁ።

ሊቁ፦ ምን ይሰማሉ? ከየት አምጥተህ? ድምፁን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አጥፍቼዋለሁ እኮ።

ዝግታ፦ ከኋላ መጋዘኑ ውስጥ ባዶ የዘይት በርሜል አለ።

ሊቁ፦ እና?

ዝግታ፦ መዶሻም እዚህ ጥጉ ላይ አለ።

[ሁለቱ ይተያያሉ።]

ሊቁ፦ አላደርገውም። ሞቼ እገኛለሁ። እኔ ብክነትን ለማጥፋት ዘጠኝ ዓመት የደከምኩ ሰው፣ በርሜል ስደበድብ?

ዝግታ፦ የጠረጴዛ ቴኒስ ይሻልሃል?

[ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ የብዙ ሰዎች እግር ኮቴ ይሰማል። ሊቁ ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ማሽኑ ያያል፣ መዶሻውን ከጥግ ያነሳል።]

ሊቁ፦ ከሦስት ወደ ታች ቆጥረህ አንድ ስትል እመታለሁ። አንተም ያኔ ተጫን። ምቱና ድምፁ እኩል ካልወጡ ጉዳችን ይፈላል። ጊዜውን መጠበቅ የእኔ ሙያ ነው፤ ይህን የሚያክል ነገር በሰከንድ ቁራጭ የማስለቅቅ ሰው ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ቁጠር።

ዝግታ፦ እሺ፣ ጋሼ።

[ሊቁ ወደ መጋዘኑ ገብቶ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ዝግታ ወደ ሰገነቱ ቀና ብሎ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ይነሳል። ጥሩምባውን ያስጮኻል።]

ዝግታ፦ ሦስት።

[አንድ እንግዳ ከላይ እጁን ያውለበልብለታል። ዝግታም ያውለበልባል።]

ዝግታ፦ ሁለት።

[ሌላም እንግዳ ያውለበልባል። ዝግታ እንዳይቀየሙት ለእሱም ያውለበልባል። አጠገቡ ላለውም። መጋዘኑ ውስጥ የሚቁነጠነጥ እግር ይሰማል። ድው። መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ዝግታ ደንግጦ ይዘላል። ከሰገነቱ የጭብጨባ ናዳ ይወርዳል፤ ዳይሬክተሯም ቆመው ያጨበጭባሉ።]

ሊቁ፦ [ጭንቅላቱን በበሩ አውጥቶ፣ በሹክሹክታ] ሰማህ? አጨበጨቡ እኮ። አዳራሹ ተረፈልን።

ዝግታ፦ ሰማሁ።

ሊቁ፦ [ዓይኑ እንባ አቅርሮ] አየህ፣ እንደዚያ እኩል የሚያወጣው እውቀት ነው። አንተ ብትመታው ኖሮ ይዛነፍ ነበር።

ዝግታ፦ እሱስ ልክ ነህ። እንግዲህ ልጫን?

ሊቁ፦ ምኑን?

ዝግታ፦ ቁልፉን። ገና ሁለት ላይ ነኝ እኮ።